ዘመድ ቤት ሆኖ መጸለይ

የክረምት እረፍት በመጣ ቁጥር ይህን ጥያቄ እሰማለሁ። "እህቴ፣ ቤተሰብ ጋ ስሄድ የጽሞና ጊዜዬ ይጠፋብኛል፤ ምን ላድርግ?" ይሉኛል። የሚጠይቁኝ በአብዛኛው እናቶች ናቸው። ጸሎት የማይወዱ ሰዎች አይደሉም። በየዕለት ኑሯቸው ቃሉን የሚያነቡ፣ በጸሎት የጸኑ ናቸው። ዘመድ ቤት ሲገቡ ግን ሁሉ ነገር ይዘበራረቅባቸዋል።

ነገሩን በደንብ አውቀዋለሁ። የባለቤቴ ወላጆች ጅማ ናቸው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቹን ይዘን እንሄዳለን። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጊቤ በረሃ ላይ ሙቀቱ መስኮት ያስከፍታል፤ ሰኮሩ ስንደርስ ደግሞ ሹራብ እንፈልጋለን። ጅማ ስንገባ ቤቱ ሞልቷል። የባለቤቴ እህቶች ከነልጆቻቸው ቀድመውናል። ሳሎኑ ውስጥ ፍራሽ ተነጥፏል። ነሐሴ ነውና ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። የበቆሎ እሸት ከሰል ላይ ይጠበሳል። ቡናው አቦል ሲባል፣ ቶና ሲባል፣ በረካው ሳያልቅ ሌላ እንግዳ ይገባል። ይሄ ሁሉ በረከት ነው፤ ጌታን ከልቤ አመሰግነዋለሁ። ግን እዚያ ቤት ውስጥ በር ዘግቼ ልጸልይ የሚል ሰው የሚዘጋው በር አያገኝም።

የቤተሰብ ጉዞ ሲነሳ ሁልጊዜ የሚመጣልኝ ሉቃስ ምዕራፍ 2 ነው። ዮሴፍና ማርያም በየዓመቱ ለፋሲካ ወደ ኢየሩሳሌም ይወጡ ነበር። ልጁ 12 ዓመት በሆነው ጊዜም እንደ ልማዳቸው ወጡ። በዓሉ አለቀ፤ ተመለሱ። ጉዞው የጋራ ነው። ዘመድ አለ፤ የሚያውቋቸው ሰዎች አሉ። ኢየሱስ ግን ኢየሩሳሌም ቀርቷል። ሉቃስ እንዲህ ይላል፦ "ከመንገደኞች ጋር የነበረ ስለ መሰላቸው የአንድ ቀን መንገድ ሄዱ።"

ይህን ልብ በሉት። ማርያምና ዮሴፍ እግዚአብሔርን የናቁ ሰዎች አይደሉም። ከመንፈሳዊ በዓል ነው የሚመለሱት። ለልጃቸውም የማያስቡ አይደሉም፤ በኋላ እንዴት ተጨንቀው እንደፈለጉት እናነባለን። ግን መንገዱ በሰው ተሞልቷል። በሰው መካከል አንድ ቦታ ይኖራል ብለው አሰቡ። በዚህ ሐሳብ ብቻ አንድ ሙሉ ቀን ተጓዙ።

የእኛም ነገር ከዚህ አይርቅም። መኪናው ውስጥ መዝሙር ተከፍቷል። ማዕድ ሲቀርብ አባባ ይጸልያሉ። እሑድ ሁላችንም ለብሰን ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን። ስለዚህ ጌታ ከመንገደኞቹ ጋር ነው እንላለን። ማታ ጋደም ስንል ግን "እኔ ራሴ ዛሬ አነጋግሬዋለሁ ወይ?" ብለን ብንጠይቅ መልሱ ይቸግረናል። እርግጥ ጌታ ትቶን አይሄድም። "እነሆም እኔ እስከ ዓለም ፍጻሜ ድረስ ሁልጊዜ ከእናንተ ጋር ነኝ" ያለው ራሱ ነው። እኔ የምለው ስለ እኛ ነው። አብሮን ያለውን ጌታ ቀኑን ሙሉ ሳናየው መዋል እንችላለን። ይሄ የሚሆነው ኃጢአት ስንሠራ ብቻ አይደለም፤ ከምንወዳቸው ሰዎች ጋር ደስ ብሎን ስንውልም ይሆናል።

እነዚያ ወላጆች ከዘመዶቻቸው መካከል ፈለጉት፤ አላገኙትም። ወደ ኋላ ተመለሱ። ከሦስት ቀን በኋላ በመቅደስ አገኙት። "በአባቴ ቤት እሆን ዘንድ እንዲገባኝ አላወቃችሁምን?" አላቸው። ብዙ ጊዜ ታሪኩን የምንተርከው እስከዚህ ድረስ ነው። ቀጥሎ ያለው ቃል ግን ለዛሬው ጉዳያችን ዋናው ነው፦ "ከእነርሱም ጋር ወርዶ ወደ ናዝሬት መጣ ይታዘዝላቸውም ነበር።" መቅደስ ውስጥ አልቀረም። ከቤተሰቡ ጋር ወደ ቤቱ ሄደ፤ ታዘዘላቸውም። በአባቱ ቤት የመሆን ናፍቆትና ለቤተሰብ መታዘዝ በእርሱ ሕይወት አልተጣሉም። እኛ ነን የምናጣላቸው።

ስለዚህ አንድ ሰው "ቤተሰቡ ጸሎቴን ነጠቀኝ" ሲለኝ ቆም እላለሁ። ጸሎትን ከቤተሰብ ማምለጫ ካደረግነው ወይ ቤተሰቡን እንበድላለን፣ ወይ ጸሎቱን እንተወዋለን። መጽሐፍ ቅዱስ ግን ሰው በሞላበት ቤት፣ ያውም በእንግድነት ሄደው የጸለዩ ሰዎችን ያሳየናል። የመጀመሪያው ጌታችን ነው።

ማርቆስ ምዕራፍ 1ን ክፈቱ። ቀኑ ሰንበት ነው፤ ቦታው ቅፍርናሆም። ከምኩራብ ወጥተው ወደ ስምዖንና እንድርያስ ቤት ገቡ። ያዕቆብና ዮሐንስም አብረው ናቸው። የስምዖን አማት በንዳድ ታማ ተኝታለች። ጌታ እጇን ይዞ አስነሣት፤ ንዳዱም ለቀቃት። ወዲያው ተነሥታ ታገለግላቸው ጀመር። ፀሐይ ስትገባ ደግሞ የከተማው ሰው ሁሉ በደጅ ተሰበሰበ። ያ ቤት ያን ማታ ምን ይመስል እንደነበር አስቡት። እንግዳ፣ ዘመድ፣ ሕመምተኛ፣ የሚገባ፣ የሚወጣ። ቤቱ የኢየሱስ የራሱ አልነበረም። እንግዳ ነው፤ ለብቻው የተለየ ክፍል እንደነበረው አልተጻፈም።

ከዚያ ምን አደረገ? "ማለዳም ተነሥቶ ገና ሌሊት ሳለ ወጣ ወደ ምድረ በዳም ሄዶ በዚያ ጸለየ።" በማታው ማንንም አላባረረም። ልጸልይ ነውና ተበተኑ አላለም። የመጡትን ሕመምተኞች ፈወሰ። የራሱን ጊዜ ያገኘው ቤቱ ሳይነቃ ነው።

ጅማ ውስጥ ይህን ማሰብ ከባድ አይደለም። ከተማዋ ገና ሳይነጋ በጸሎት ድምፅ ትነቃለች። የመስጊዱ አዛን በጨለማ ይሰማል። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ፍልሰታ ስለሆነ ኦርቶዶክሳውያን ጎረቤቶቻችንም ነጠላቸውን አጣፍተው በዝናብ ሲሄዱ ታያላችሁ። ጎረቤቱ ሁሉ ለጸሎት ተነሥቶ እኛ ብርድ ልብስ ስንስብ ይከነክነኛል። ይህን የምለው ለማነጻጸር ወይም ለፉክክር አይደለም። ሌሊቱ ለጸሎት የተመቸ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል ለማለት ነው። ሕፃናቱ ተኝተዋል። የሚደወል ስልክ የለም። ማንም ስማችሁን አይጠራም።

እርግጥ ሌሊት 6 ሰዓት የተኛ ሰው 11 ሰዓት ላይ ተነሣ ቢባል ይቸገራል። ዘመድ ሲገናኝ ጨዋታው አያልቅም። ደስ ይላል፤ የእኛ ሰው ጨዋታ የሚደምቀው ማታ ነው። ግን በየቀኑ እስከ መጨረሻው መቀመጥ ግዴታ አይደለም። አንድ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ "ደህና እደሩ" ብሎ መነሣት ማንንም አያስቀይምም።

ከማርቆስ 1 ሳንወጣ አንድ ነገር ልጨምር። ስምዖንና አብረውት ያሉት ጌታን ተከታትለው አገኙት። "ሁሉ ይፈልጉሃል" አሉት። ለቀኑ ፕሮግራም ይዘውለት መጥተዋል ማለት ነው። እርሱ ግን ወደ ሌሎቹ መንደሮች እንሂድ አላቸው። ከአባቱ ጋር ስለቆየ ቀኑ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። በእረፍት ጊዜም ሁሉም ለእኛ ፕሮግራም አለው። ጠዋት ፈረንጅ አራዳ አክስት ጋ ቁርስ፣ ምሳ መርካቶ በኩል የአባባ ወንድም ጋ፣ ከሰዓት ደግሞ ለቅሶ መድረስ። ሳይጸልይ የወጣ ሰው በሁሉም ይጎተታል፤ ማታ ደክሞት ልጆቹ ላይ ይጮኻል። ማለዳ ጌታ ፊት የተቀመጠ ሰው ግን የትኛው ግብዣ የፍቅር ግዴታ እንደሆነ፣ የትኛው ደግሞ ለሌላ ቀን ቢተላለፍ ችግር እንደሌለው መለየት ይጀምራል። ለቅሶው ይቀደማል። ቁርሱ ነገም ይደርሳል።

ሁለተኛው ሰው ጴጥሮስ ነው። ሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 ላይ ኢዮጴ ከተማ፣ ስምዖን የሚባል የቁርበት ፋቂ ቤት በእንግድነት ተቀምጧል። ቤቱ ባሕር ዳር ነው። "ጴጥሮስ በስድስት ሰዓት ያህል ሊጸልይ ወደ ጣራው ወጣ" ይላል። ቀጥሎ ርቦት ሊበላ እንደወደደ፣ ቤተ ሰዎቹም ሲያዘጋጁለት እንደነበር ተጽፏል። እንግዲህ ከታች ምሳ እየተሠራ ነው፤ እርሱ ላይ ሆኖ ይጸልያል። የወንጌልን በር ለአሕዛብ የከፈተው ራእይ የመጣው በዚያች ሰዓት ነው። በሰው ቤት፣ ከምሳ በፊት፣ በራብ ውስጥ።

ከዚህ የምማረው ጴጥሮስ የጸሎት ሰዓቱን ኢየሩሳሌም ጥሎ እንዳልመጣ ነው። እዚያ ሳለም ከዮሐንስ ጋር በዘጠኝ ሰዓት፣ በጸሎት ጊዜ፣ ወደ መቅደስ ሲወጡ እናያለን። ኢዮጴ መቅደስ የለም፤ ሰዓቱ ግን አለ። ብዙዎቻችን ጸሎታችንን የያዘልን የሥራ ሰዓት ነው። ቤት ሳለን የስልኩ ደወል 11 ሰዓት ተኩል ይጮኻል፤ ከቁርስና ከትምህርት ቤት ሰርቪስ በፊት ያችን ጊዜ እናገኛለን። እረፍት ላይ ሰርቪስ የለም፤ ቢሮ የለም፤ ደወሉ ይጠፋል። ከደወሉ ጋር ጸሎቱም ይጠፋል። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ሰዓት ቁረጡ። ረጅም መሆን የለበትም። ቤት ሳላችሁ አንድ ሰዓት የምትጸልዩ ከሆነ እዚያ 20 ደቂቃ ይሁን። ያችን 20 ደቂቃ ግን በየቀኑ ያዟት። ዳንኤል በባዕድ አገር በቀን ሦስት ጊዜ የጸለየው ቀድሞ ያደርግ እንደነበረው ነው። ልማዱ ስለነበረ ነው ጸሎቱን የሚከለክል የንጉሥ ትእዛዝ ሲወጣ ያልተናወጠው።

ቦታን በተመለከተ ደግሞ ያለውን መቀበል ይሻላል። ጌታ "ወደ እልፍኝህ ግባ" ሲል ዋናው ነገር ለሰው ለመታየት እንዳንጸልይ ነው። እልፍኝ የሌለው ሰው በረንዳ አለው። ጓዳ አለው። የቆመ መኪና አለው። እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። እማማ ቤት በረንዳው ጥግ ላይ ሦስት እግር ያላት የጅማ በርጩማ አለች። ፊት ለፊት ጓሮው ውስጥ የአቮካዶ ዛፍና ጥቂት ቡና አለ። በነሐሴ የቡናው ፍሬ ገና አረንጓዴ ነው፤ ዝናብ ሲመታው ያብረቀርቃል። ጋቢ ተከናንቤ እዚያ እቀመጣለሁ።

አንድ ማለዳ እማማ የከሰል ምድጃ ይዘው ወጡ። አዩኝና ቆሙ። ሊመለሱ ነው ብዬ ተነሣሁ። ምራት ነኝና አማቴ ምድጃ ይዘው እኔ መቀመጤም አሳፈረኝ። እርሳቸው ግን በእጃቸው ምልክት ሰጥተው አስቀመጡኝ። "ልጄ፣ እኔ ጓዳ ተደብቄ እጸልያለሁ፤ አንቺ በረንዳ ተደብቀሽ። አብረን ብንሆን ምን አለበት?" አሉኝ። ምድጃውን አስቀምጠው አጠገቤ ተቀመጡ። "ዓይኔ ደቃቁን ፊደል እምቢ ብሎኛል። አንቺ አንብቢልኝ" አሉ። መዝሙር 103ን ጀመርኩ። "አባት ለልጆቹ እንደሚራራ" የሚለው ጋ ስደርስ "እዚህ ጋ ቁሚ" አሉኝ። ከዚያ ልጆቻቸውን አንድ በአንድ በስም እየጠሩ ጸለዩ። ዓረብ አገር ያለችውን ሲጠሩ ድምፃቸው ተሰበረ። ባለቤቴንም ጠሩት። ስለ እርሱ እኔ ጸልዬበት የማላውቀውን፣ የልጅነቱን ነገር አንስተው አመሰገኑ። ከሰሉ እስኪያያዝ ድረስ ያለው ጊዜ ነው፤ ከዚያ አይበልጥም።

ከዚያ ወዲህ ጅማ ስንሄድ የማለዳው ጸሎት የሁለታችን ነው። ለብቻዬ የምሆንባት ጥቂት ደቂቃ እርሳቸው ከመውጣታቸው በፊት አለች። ቀሪው የጋራ ነው። በዚህ የቀረብኝ ነገር የለም። ብዙ ቤት ውስጥ ሁለትና ሦስት አማኞች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ጥግ ይዘው ሌላው እንዳያያቸው ይጠነቀቃሉ። ብትጠይቋቸው አብረው ለመሆን የሚናፍቁ ይኖራሉ። ቡናውም ላይ ይህን ማድረግ ይቻላል። አቦሉን በጨዋታ፣ ቶናውን በጨዋታ ጠጥታችሁ በረካው ላይ አንድ ሰው አጭር መዝሙረ ዳዊት ቢያነብ ማን ይከፋዋል? በረካ ላይ መመራረቅ አባቶቻችንም የሚያውቁት ነው።

አሁን ለወንዶች ወንድሞቼ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ይህን ጉዳይ በየቤቱ አየዋለሁና ዝም ማለት አልችልም። ባል ሳሎን ውስጥ መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ ይቀመጣል። "እሱ እየጸለየ ነው፤ አትረብሹት" ይባላል። ሚስቱ ጓዳ ሽንኩርት ትከትፋለች፤ ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ ነው፤ ትልቁ ልጅ ካልሲ ጠፋብኝ ይላል። እርሷም የጌታ ልጅ ነች። እርሷም ነፍስ አላት፤ እርሷም ቃሉን ትራባለች። ጴጥሮስ በመጀመሪያ መልእክቱ ምዕራፍ 3 ቁጥር 7 ላይ ባሎች ከሚስቶቻቸው ጋር በማስተዋል እንዲኖሩ፣ አብረው የሕይወትን ጸጋ እንደሚወርሱ አድርገው እንዲያከብሯቸው አዝዞ ምክንያቱን ይነግረናል፦ "ጸሎታችሁ እንዳይከለከል።" እንግዲህ የሚስቱን ሸክም ሳያይ የተቀመጠ ሰው ጸሎቱ ራሱ እንቅፋት አለበት። ወንድሜ፣ ግማሽ ሰዓት ሕፃኑን ታቀፍ። ወንድ ልጅ ሕፃን ሲያዝል አክስቶች ቢስቁ ይሳቁ። "ሂጂ፣ በረንዳው ላይ ቆይ፤ እኔ አለሁ" በላት። ይህ ለእርሷ ትልቅ ስጦታ ነው። ለጸሎትህም ይጠቅማል።

ለምራቶችም፦ አማት ቤት ሥራ መሥራት መንፈሳዊነት የጎደለው ነገር አይደለም። የስምዖን አማት ከንዳዷ ስትነሣ መጀመሪያ ያደረገችው ማገልገል ነው። የተፈወሰ ሰው ምስጋና በእጅም ይወጣል። ዕቃ እያጠቡ መጸለይ ይቻላል፤ በቆሎ እየፈለፈሉ መዘመር ይቻላል። ግን ሥራው ጌታን ማዳመጫ ሰዓታችሁን ሙሉ በሙሉ እንዲወስድ አትፍቀዱ። ማርታን ጌታ የገሠጻት ስለ ሠራች አይመስለኝም። "በብዙ ነገር ትጨነቂአለሽ ትታወኪማለሽ" ነው ያላት።

የምታጠቡ እናቶች ሌሊቱን ሦስቴ አራቴ እየተነሣችሁ፣ ማለዳ ተነሡ የሚለው ትምህርት ጭነት ከሆነባችሁ፣ ለእናንተ ኢሳይያስ 40 ቁጥር 11 አለ። እረኛው ጠቦቶቹን በብብቱ እንደሚሸከም ከተናገረ በኋላ "የሚያጠቡትንም በቀስታ ይመራል" ይላል። እርሱ አያቻኩላችሁም። ሕፃኑ በሚጠባበት ሰዓት አንዲት ጥቅስ በልባችሁ ይዛችሁ ብታዜሙ ጌታ ይሰማል። ይህ ያነሰ ጸሎት አይደለም።

ዕቅዳችሁ ሁሉ የሚፈርስበት ቀንም ይመጣል። ማለዳ ልነሣ ስትሉ ልጁ ትኩሳት ይዞታል። ምሽት ላይ እጸልያለሁ ስትሉ እንግዳ መጣ። ለዚህ ደግሞ ማርቆስ 6 አለላችሁ። ሐዋርያት ከአገልግሎት ደክመው ተመልሰዋል። ጌታ "እናንተ ራሳችሁ ብቻችሁን ወደ ምድረ በዳ ኑና ጥቂት ዕረፉ" አላቸው፤ የሚመጡና የሚሄዱ ብዙዎች ስለነበሩ ለመብላት እንኳ ጊዜ አጥተው ነበርና። በታንኳ ሄዱ። ሕዝቡ ግን በእግሩ ሮጦ ቀደማቸው። ጌታ ራሱ ያሰበው እረፍት ነው የተቋረጠው። እርሱ አልተቆጣም። እረኛ እንደሌላቸው በጎች ስለ ነበሩ አዘነላቸው፤ ብዙም አስተማራቸው። በአምስት እንጀራና በሁለት ዓሣ አበላቸው። ከዚያም ሁሉንም ካሰናበተ በኋላ "ሊጸልይ ወደ ተራራ ወጣ" ይላል።

ሁለቱን አብራችሁ እዩ። የተቋረጠውን በፍቅር ተቀበለ። የጸሎቱን ነገር ግን አልተወውም፤ ቀኑ ሲያልቅ ወጣ። እኛ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱን እናደርጋለን። ወይ እንግዳው ላይ ፊታችንን እናጠቁራለን፤ ወይ "ዛሬ አልተሳካም" ብለን እንተኛለን። ትኩሳት የያዘውን ልጅ ታቅፋችሁ ዋሉ፤ ያ የጌታ ፈቃድ ነው። ሲተኛላችሁ ግን አሥር ደቂቃ ለብቻችሁ ሁኑ።

ሽርሽር የሚወጣበት ቀንም ለዚህ ይመቻል። ልጆቹን ጅሬን ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ስናወጣቸው ይህን አይቻለሁ። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙበት ቦታ ነው፤ ኮረብታው ላይ ሆናችሁ ከተማዋን ከነአረንጓዴዋ ታዩዋታላችሁ። ሰው ሁሉ ፎቶ ሲነሣ እናንተ ጥቂት ፈቀቅ በሉ። ይስሐቅ ሲመሽ እያሰላሰለ ወደ ሜዳ ይወጣ እንደነበር ዘፍጥረት 24 ይነግረናል። "አቤቱ፥ ሥራህ እጅግ ብዙ ነው፤ ሁሉን በጥበብ አደረግህ" የሚለውን ቃል እዚያ ቆማችሁ ለራሳችሁ በሉት። ቦዬ ሄዳችሁ ጉማሬ ስትጠብቁም እንዲሁ፤ ጉማሬው እስኪወጣ ብዙ ዝም ያለ ጊዜ አለ። ልጆቹም ይጠይቃሉ፤ ማን እንደሠራው ንገሯቸው።

ስልክን በተመለከተ አጭር ምክር ብቻ። የታተመውን መጽሐፍ ቅዱስ ያዙ። በስልክ ማንበብ ኃጢአት አይደለም፤ ግን ምዕራፉን ሳትጨርሱ የቴሌግራም መልእክት ይመጣል፤ ከዚያ ሃያ ደቂቃው ቪዲዮ ላይ ያልቃል። ምን እንደምታነቡም ከቤት ሳትወጡ ወስኑ። እዚያ ደርሶ ምን ላንብብ ማለት ራሱ ጊዜ ይበላል። የማርቆስ ወንጌል 16 ምዕራፍ ነው፤ ለሁለት ሳምንት እረፍት በቂ ነው።

የቀረኝ አንድ ነገር አለ፤ ጅማ ላይ ግን ትልቅ ነገር ነው። በብዙ ቤት ዘመዱ ሁሉ አንድ እምነት የለውም። ሙስሊም አክስት አለች፤ ኦርቶዶክስ አጎት አለ፤ እኛ ደግሞ አለን። አንድ ገበታ ላይ ተቀምጠን የኖርን ሰዎች ነን። በእንዲህ ያለ ቤት ስንጸልይ ሌሊት ድምፃችንን ከፍ አድርገን ሰው መቀስቀስ ምስክርነት አይደለም። የጾመ ሰው ፊት ሥጋ ማቅረብም እንዲሁ። ግን መደበቅም አያስፈልግም። ዳንኤል መስኮቱ ክፍት ነበር። በጸጥታ፣ ሳናፍርበት፣ በሰዓታችን ከጸለይን ሰው ያያል። ሲያይም ይጠይቃል።

የባለቤቴ አክስት ሙስሊም ናቸው። አንድ ቀን ዕቃ ስናጥብ ጠጋ አሉኝና "ማለዳ ስትለምኚ የእኔንም ልጅ ጥሪው፤ ሥራ አጥቶ ተክዟል" አሉኝ። ብዙ የተከራከርኳቸው ነገር ስለነበረ አልነበረም። በረንዳው ላይ አይተውኛል፤ ያ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሲገጥማችሁ እሺ ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ስሙን ጻፉት። በማግስቱ በእርግጥ ጸልዩለት። ወደ ቤታችሁ ከተመለሳችሁ በኋላም ደውላችሁ "ልጁ እንዴት ሆነ?" ብላችሁ ጠይቁ፤ አሁንም እየጸለይኩለት ነው በሏቸው።